የቅዳሜ ውሃ

ልጄን የጠረጠርኩት ውሃ ስለበዛልኝ ነው። ሰው ሲጎድልበት ይጠረጥራል፤ እኔን የጀመረኝ ሲተርፈኝ ነው።

ከመካነ ሰላም ዳር፣ እኛ ባለንበት በኩል፣ ሁለት ሰፈር ከአንድ ታንከር ይጠጣል። ታንከሩ ጉብታው አናት ላይ ነው። ከመስጊዱ ወዲህ ያለነው የታች ሰፈር፣ ከመስጊዱ በላይ ያሉት የላይ ሰፈር እንባላለን። ውሃው በፈረቃ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ለእኛ፣ ከአራት እስከ ሰባት ለእነሱ ይለቀቃል። ከሰባት በኋላ ሁለቱም በር ይዘጋና ታንከሩ ለማግስቱ ከምንጩ ሲሞላ ያድራል።

ድሮ በሮቹን በእጁ እየጠመዘዘ የሚከፍትና የሚዘጋው ዘበኛው አለምነው ነበር። አለምነው ለቅሶ ከሄደ ውሃ የለም፤ ሰርግ ከሄደ ደግሞ በማግስቱም የለም። ባለፈው ዓመት የሁለቱ ሰፈር የውሃ ኮሚቴ በመብራት የሚዞሩ በሮችና አንድ ኮምፒውተር አስገባ። ኮምፒውተሩን እንዲያዝ የቀጠሩት ልጄን ኸባብን ነው። ኸባብ ደሴ ኮምፒውተር ተምሮ፣ ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ ቤቴ የተቀመጠ ልጅ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

የተቀጠረ ዕለት እየሳቀ ገባና፣ «እማ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ውሃ አታጪም» አለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። እኔ ገበያው ዳር ሻይና ሳምቡሳ እሸጣለሁ፤ በዚያ ቀን ብቻ አምስት ጀሪካን ውሃ ይፈጅብኛል። ያን ዕለት «አላህ ያክብርህ» ብዬ መረቅኩት። በኋላ ግን ያቺን ቃሉን እያነሳሁ ጣልኳት።

ነገሩ የተገለጠልኝ በደብተሬ ነው። እኔና ሐረግ የጎልማሶች ትምህርት አብረን እንማራለን፤ አንድ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው። ሐረግ የላይ ሰፈር ሰው ናት። መምህራችን፣ «በየቀኑ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፉ» ብለው አዘዙን። ሐረግ ስለ ባሏ ስለ ደሳለው ጻፈች። «ሰኞ ተቆጣ። ማክሰኞ ተቆጣ። ረቡዕ ወደ ከላላ ሄደ። ደህና ዋልን።» ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ የጻፍኩት ውሃ ነው፤ ወደ ቤቴ ሰዓት ጠብቆ የሚመጣ ሌላ ነገር የለኝማ። ውሃው ሲመጣ ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ ሲሄድ ሰዓቱን እጽፋለሁ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። «ሐሙስ ከ1 እስከ 4። ዓርብ ከ1 እስከ 4። ቅዳሜ ከ1 እስከ 7።» ወረድኩ። «ቅዳሜ ከ1 እስከ 7።» ደግሞ ወረድኩ። አምስት ቅዳሜ፣ አምስቱም እስከ ሰባት። ስጽፈው ልብ አላልኩትም ነበር፤ በገበያው ጥድፊያ ቁጥሩን ጥዬ እሮጣለሁ። ያን ዕለት ግን ጣቴን ቅዳሜው ላይ እንዳደረግኩ ቀረሁ። ከአራት እስከ ሰባት ያለው ውሃ የእነ ሐረግ ነው። እኔ ውሃ በሚያስፈልገኝ ቀን፣ በቅዳሜ ብቻ፣ የእነሱ ውሃ በእኔ ቧንቧ ይወርዳል። በሩን የያዘው ደግሞ ልጄ ነው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሐረግ ጎኔን በክርኗ ነካችኝ።

«አንቺ ሀያት፣ ቅዳሜ እናንተ ጋ ውሃ ነበር እንዴ? እኛ ጋ እኮ ጠብ አላለም። ከገበያ ደርሼ እግሬን እንኳ ሳልታጠብ አደርኩ።»

«ትንሽ ነበር» አልኩ።

«ስንት ሰዓት?»

«እንጃ።»

ደብተሬን በክንዴ ሸፈንኩት። ሐረግ ክንዴን አየች፤ አላየሁም ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረች። አብረን ሀሁ ከቆጠርን ጀምሮ ደብተር ተሸፋፍነን አናውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሶላቴ ልብ አልሰጥ አለኝ። ውዱእ ለማድረግ ማንቆርቆሪያውን ሳነሳ፣ ይህ የማን ውሃ ነው እላለሁ። የሰው ሐቅ በሆነ ውሃ ታጥቤ ከአላህ ፊት እንዴት ልቁም? አንድ ቀን ሼኽ ሙጀሂድን ከመስጊድ ሲወጡ ጠበቅኳቸው። የሰፈራችንን ልጆች ሁሉ ቁርአን እያስነበቡ ያስቀሩ እሳቸው ናቸው፤ ኸባብንም ጭምር።

«ሼኽዬ፣ አንድ ሰው የጠረጠረው ውሃ ቢኖረው፣ ውዱእ ይሆነዋል?»

«ምን ብሎ ነው የጠረጠረው?»

«የሌላ ሰው ይሆናል ብሎ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «አረጋግጧል ወይስ ጠርጥሯል?»

«ጠርጥሯል።»

«እንግዲያው ያጣራ። ሳያጣሩ ጥርጣሬን ታቅፎ መቀመጥ እሱም ወንጀል አለው። ለዚያ ሰው እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። ያ ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ቤቴ ቧንቧ እያለ በትንሿ ጀሪካን ከምንጩ የውዱእ ውሃ መቅዳት ጀመርኩ። ኸባብ አየኝ።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው ምንጭ የምትወርጂው?»

«የምንጩ ይጣፍጣል።»

«የቧንቧውም እኮ የዚያው ምንጭ ውሃ ነው!»

«አውቃለሁ» አልኩት። ዓይኑን አየሁት። አላየኝም።

አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብለት ከሸሚዙ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ዘረጋሁት። በሦስት መስመር ቁጥርና ቃል ተጽፎበታል። ጮክ ብዬ አነበብኩ። «7 ታች ክፈት። 10 ታች ዝጋ፣ ላይ ክፈት። 13 ሁሉንም ዝጋ።»

ደሜ ፈላ።

«ለላይ ሰፈር በአሥር ሰዓት ነው የምትከፍተው? በአሥር ሰዓት ታንከሩ ተዘግቶ የለም እንዴ? ደግሞ አሥራ ሦስት ሰዓት የሚባል የት አገር ነው ያለው? ወር አሥራ ሦስት ነው ቢሉኝ ጳጉሜን አውቃታለሁ፤ ቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ኖሮት አያውቅም! ባላነብ ኖሮ ልታሞኘኝ ነበር?»

ኸባብ ጉርሻው አንቆት ሳቀ። «ኧረ እማ! ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሰባት ያልኩት የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። አሥር አራት ነው፣ አሥራ ሦስት ደግሞ ሰባት። ስድስት ስድስት ቀንሺበት።»

በጣቴ ቀነስኩ። ልክ ነው። አፍሬ ወረቀቱን መለስኩለት። ግን አንድ ነገር አየሁ። ሳቁ ከነገሩ በለጠ። ሌላ ነገር እጠየቃለሁ ብሎ ፈርቶ፣ ያ ሳይመጣበት የቀረ ሰው ነው እንዲያ የሚስቀው። የወለድኩት ልጅ ነው፤ አውቀዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ፈንታው በራፌ ላይ ቆመ። ፈንታው የላይ ሰፈርን ወክሎ ኮሚቴው ውስጥ ያለ ሰው ነው፤ ትልቁ ወፍጮ ቤት የእሱ ነው። ሁልጊዜ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ።

«ግባ አያ ፈንታው።»

«አልገባም። ከገባሁ ሻይ ታቀርቢልኛለሽ፤ ሻዩ ደግሞ በማን ውሃ እንደተፈላ አላውቅም።»

ከባልዲው አጠገብ ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብዬ ከደንኩት፤ ለምን እንደከደንኩት እኔም አላውቅም።

«ነገሩን አሳጥሬ ልንገርሽ» አለ። «አምስት ቅዳሜ ውሃ አላየንም። አምስት ቅዳሜ የታች ሰፈር ሴቶች በእኛ ሰዓት ልብስ ሲያጥቡ ታይተዋል። የቅዳሜ ውሃ ማንን እንደሚጠቅም አገር ያውቃል። ማሽኑ እናት የለውም ሀያት፤ የሚያዘው ግን እናት አለው። ነገ ከጁምዓ በኋላ ታንከሩ ጋ እንሰበሰባለን። ልጅሽ ቁርአን ይዞ ይማል። ከማለ አፋችንን እንዘጋለን።»

«ካልማለስ?»

«ካልማለ ቁልፉን ለአለምነው እንመልሳለን።»

ሄደ። እኔ በራፉ ላይ ቀረሁ። ሥራው ብቻ ቢቀርበት ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል። የፈራሁት መሐላውን ነው። ሰርቆ ከሆነ፣ ሰርቆም ቁርአን ይዞ ከማለ፣ ልጄ በዱንያም በአኺራም ጠፋ። ለእኔ ብሎ ነው የሚጠፋው፤ ለአምስት ጀሪካን ውሃ።

ትምህርቴን ትቼ ከሰዓት ወደ ጉብታው ወጣሁ። ከታንከሩ ሥር አንዲት ቆርቆሮ ክፍል አለች። አለምነው በሯ ላይ ቁጭ ብሎ የሚገባ የሚወጣውን ይመዘግባል። ማሽኑ ከተስተካከለ ወዲህ ማንም እጁን እንዳያስገባበት ኮሚቴው ያዘዘው ነው፤ እርስ በርስ ስለማይተማመኑ። እኔንም መዘገበኝ።

«ስምሽ?»

«አለምነው፣ አታውቀኝም?»

«አውቅሻለሁ። ግን ጻፍ ነው የተባልኩት። ሀያት ብዬ ጻፍኩ፤ ምክንያት?»

«እናትነት» አልኩና ገባሁ።

ኸባብ ከማሽኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሳ።

«ውሃ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ» አልኩት።

«እማ፣ አይገባሽም እኮ።»

«አሥራ ሦስት ሰዓት ገብቶኛል። ይህም ይገባኛል።»

ወንበሩን ለቀቀልኝ። ጥቁር መስኮት ከፈተና ነጭ ጽሑፍ አሳየኝ። ሼል ስክሪፕት ይባላል አለኝ፤ ትእዛዝ በተርታ የሚጻፍበት ፋይል ነው። ማሽኑ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ይፈጽመዋል። አንደኛው ፋይል የታችን በር ይከፍታል፣ ሁለተኛው የታችን ዘግቶ የላይን ይከፍታል፣ ሦስተኛው ሁሉንም ይዘጋል። የትኛው ፋይል በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ደግሞ በሌላ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ማሽኑ በየደቂቃው ሰሌዳውን ያያል፤ ሰዓቱ የደረሰውን ይቀሰቅሳል።

«ሰው አያስፈልገውም?»

«አያስፈልገውም።»

«ቅዳሜንስ ለብቻው አዘኸዋል?»

«ወላሂ አላዘዝኩም። ይኸው፣ ቀን የሚመረጥበት ቦታ ላይ ኮከብ ነው ያለው። ኮከብ ማለት በየቀኑ ማለት ነው።»

አየሁት። ኮከቧ አለች። ልቤ ትንሽ አረፈ።

«የሠራውን የሚጽፍበት ደብተርስ የለውም? እኔ እንኳ አለኝ።»

«አለው» አለ ቀስ ብሎ። ሌላ ፋይል ከፈተና በፍጥነት ወደ ታች አወረደው።

«ቀስ በል። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው።»

ቀንና ሰዓት በተርታ ወርዷል። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። ከደብተሬ ጋር አጠገብ ላጠገብ አድርጌ በጣቴ ወረድኩ። ለእያንዳንዱ ቀን ሦስት መስመር አለ፤ 7፣ 10፣ 13። 7፣ 10፣ 13። አንድ ቦታ ስደርስ ሁለት ሆነ። 7፣ 13። ደብተሬን አየሁ፤ ቅዳሜ ነው። ሰባት ቀን ወረድኩ፤ 7፣ 13። አሁንም ቅዳሜ ነው።

«አሥሩ የታለ?»

ፋይሉን ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

«ኸባብ፣ የቅዳሜ አሥሩ የታለ?»

«መብራት አልነበረም» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። የታች በር እንደተከፈተ ይቀራል፣ ማሽኑም ይጠፋል። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። ግን ያለፈውን አይጠይቅም፤ ሰዓቱን አይቶ ቀጣዩን ይጠብቃል። አራት ሰዓት ላይ መደረግ የነበረበትን አያውቀውም። ሰባት ሰዓት ይዘጋል፤ አለቀ።»

ከጥርጣሬዬ ግማሹ ከላዬ ወረደ። አልሰረቀም። እጁን አላስገባም። አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁና ተውኩት።

«ይህን መቼ አወቅኸው?»

«እማ...»

«መቼ?»

«በሁለተኛው ቅዳሜ።»

«ሦስት ሳምንት አውቀህ ዝም አልክ?»

«ምን ላድርግ?» ድምፁ ከፍ አለ፤ ከዚያ በሩ ላይ አለምነው መኖሩ ትዝ ብሎት ዝቅ አደረገው። «ካስተካከልኩት አለምነው ገባ ብሎ ይጽፈኛል፤ ለምን ነካኸው ይሉኛል። ከተናገርኩ ማሽንህ አይረባም ብለው ቁልፉን ለአለምነው ይመልሳሉ። አንቺም ደግሞ...»

«እኔ ምን?»

«አንቺም ቅዳሜ ውሃ ነበረሽ። ሲተርፍሽ አየሁ። ደስ አለኝ።»

ያቺን ቃል ነው የፈራሁት። ሰረቀም አልሰረቀም፣ በውስጧ እኔ ነበርኩባት።

«ነገ ምን ብለህ ልትምል ነው?»

«በሩን ከፈረቃው ውጭ አልከፈትኩም፣ አላስከፈትኩም እላለሁ። እውነት ነው።»

«እነሱ የሚጠይቁህ ታውቅ ነበር ወይ ነው።»

«እንደዚያ ብለው አይጠይቁኝም።»

«አላህስ?»

ወደ ማሽኑ ዞረ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። አለምነው የወጣሁበትን ሰዓት ጻፈ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ታንከሩ ጋ የሁለቱም ሰፈር ሰው ሞላ። ሼኽ ሙጀሂድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁርአኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው። ፈንታው መሐል ቆሟል። ሐረግ ከላይ ሰፈር ሴቶች ጋር ናት፤ ሰላም ስላት በአገጯ ብቻ መለሰችልኝ። ኸባብ ከጠዋት ጀምሮ አላናገረኝም። ይምል እንደሁ አላውቅም።

«ልጄ» አሉት ሼኽ ሙጀሂድ፣ «ይህን ኪታብ ያስቀራሁህ እኔ ነኝ። ክብደቱን ታውቃለህ። የምትለውን አስበህ በል።»

ኸባብ ወደ ፊት ወጣ። ጨርቁ ተገለጠ። እጁን ሲያነሳ አየሁ። ከዚያ በኋላ እግሬ ነው የተነሳው፣ እኔ አላሰብኩበትም።

«ሼኽዬ፣ ከመማሉ በፊት የማነበው አለኝ።»

«የምታነቢው?» አለ ፈንታው። «ደግሞ ማንበብ ተጀመረ?»

«ዝም በል፣ ታንብብ» አለች ሐረግ ከወዲያ።

ደብተሬን ገለጥኩ። እያንዳንዱን ፊደል እየያዝኩ አነበብኩ። «ቅዳሜ ከ1 እስከ 7። ቅዳሜ ከ1 እስከ 7።» አምስቱንም አነበብኩ። ከዚያ ቀና ብዬ፣ «ይህ የእኔ ቧንቧ ነው» አልኩ። «ከአራት በኋላ ያለው የእናንተ ውሃ ነበር። ቀድቼዋለሁ። ሻይ አፍልቼበታለሁ። ሐረግ ስትጠይቀኝ ትንሽ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ፈንታው እጁን አጨበጨበ።

«ይኸው! እናቱ መሰከረችበት! ምን መሐላ ያስፈልጋል?»

ኸባብ እጁን ከቁርአኑ ላይ መለሰ። ፊቱን ወደ ሰው አዞረና ሁሉንም ተናገረ፤ መብራቱን፣ የጎደለውን አሥር፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ማወቁን፣ ዝም ማለቱን። «በሩን አልከፈትኩም ብዬ ልምል እችላለሁ። አላውቅም ነበር ብዬ ግን አልምልም» አለ።



ፈንታው ግን አልበረደም። «መብራት! መብራት ቅዳሜን ለይቶ ያውቃል? ሰኞ የማይጠፋ መብራት ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ቆጥሮ ይጠፋል? ይህን ለሕፃን ንገር!»

«አያ ፈንታው» አለች ሐረግ።

«እሺ?»

«ወፍጮህ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

«ገበያተኛው እህሉን ይዞ ሲደርስ ነዋ፣ ሦስት ሰ...»

ቃሉን ሳይጨርስ አፉን ዘጋ። ከኋላ አንዱ፣ «ከከተማው ወፍጮ ሁሉ ጋር አብሮ!» አለ። ሌላው፣ «የመብራት መስመሩ የት አባቱ ይችለዋል!» አለ። ሳቁ ከሁለቱም ሰፈር ነው የፈነዳው። ፈንታው ቅንድቡን ጠረገ፤ ዱቄቱ ወደ ግንባሩ ወጣ።

«እኔ ነኝ እንግዲህ ውሃውን የፈጨሁት?» አለ፤ ራሱም ሳቀ፤ ግን ብዙ አልሳቀም። «ይሁን። መብራቱ የእኔ ጥፋት ይሁን። ዝምታው የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ኸባብ።

ሼኽ ሙጀሂድ ቁርአኑን ጠቀለሉት። «ሰው ሳያውቅ ቢበድል ይቅርታ ይበቃዋል። አውቆ የበደለውን ግን ይመልሳል። ስንት ቅዳሜ ነው ያልሽው?»

«አምስት።»

«አምስት ሰኞ የታች ሰፈር ፈረቃ ለላይ ሰፈር ይሁን። ኸባብ በየቤቱ ዞሮ ይቅርታ ይጠይቃል። ማሽኑንስ?»

«ማሽኑ ጅል ነው» አለች ሐረግ። «ቧንቧ ላይ ጀሪካን ስንደረድር አራት ሰዓት ሞላ ብሎ ወረፋውን ጥሎ የሚሄድ ጀሪካን አለ? ፊቱ ያለው እስኪሞላ ይቆማል። ማሽኑን ወረፋ አስተምረው።»

ኸባብ ቀና አለ። «ይቻላል» አለ። «አንዱ ሲጨርስ ጨረስኩ ብሎ በፋይል ይጽፋል። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ፋይሉን ያያል፤ ተራው ሳይደርሰው የቀረ ካለ ሰዓቱ ቢያልፍም ከእሱ ይጀምራል፣ ሦስት ሰዓቱንም ሙሉ ይሰጠዋል። መብራት በሌለበት ግን አራት ሰዓት ሲሞላ የታቹን በር በእጁ የሚዘጋ ሰው ያስፈልጋል።»

ሁሉም ወደ አለምነው ዞረ። አለምነው ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሰው አያስፈልግም ብላችሁኝ ነበር» አለ፤ ደስ ብሎታል።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወፍጮዎቹ አጓሩና ሁሉም ባንዴ ዝም አሉ፤ መብራቱ ጠፋ። አምስት ሰዓት ላይ ሻዩን ለጎረቤቴ ለባሲማ ትቼ ወደ ላይ ሰፈር ወጣሁ። ሐረግ ከቧንቧዋ ፊት አራት ጀሪካን ደርድራ ቆማለች።

«ምነው፣ ልትሰልይኝ መጣሽ?»

«ውሃውን ላይ።»

«ልጅሽን አታምኚውም?»

«ልጄን አምነዋለሁ። ማሽኑን አላምነውም።»

«ዋሾ» አለችና ከአጠገቧ ድንጋይ አሳየችኝ። ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ወፍጮዎቹ እንደገና አጓሩ። መብራት መጥቷል። ሐረግ ቧንቧዋን ከፈተችው። ምንም የለም። ስድስት ከአሥራ አምስት ሆነ። ምንም የለም። ስድስት ከሃያ። ማሽኑ አሁንም ሰባት ሰዓትን እየጠበቀ ይሆናል አልኩ በልቤ። ወይም ኸባብ ትናንት በሰው ፊት ያለውን ብሎ፣ ማታ ሳይነካው ቀርቶ ይሆናል። ወይም አለምነው የታቹን ሳይዘጋ ገበያ ወርዷል። እጄን እያፋተግኩ ሁሉንም በተራ ጠረጠርኳቸው።

ቧንቧው አሳለ። አየር ተፋ፤ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ የጠራ። ሐረግ የመጀመሪያውን ጀሪካን ደገነች።

አዛን አለ። የዙሁር ሰዓት ነው። ሐረግ አዛኑን ሰማች፤ ባዶ ጣሳ አንስታ ከቧንቧው ሞላችና፣ «ነይ፣ እጅሽን» አለችኝ።

«የእናንተ ውሃ እኮ ነው።»

«አውቄ ነው የምሰጥሽ። አልጠረጠርሽውም?»

እጄን ዘረጋሁ። አፈሰሰችልኝ። እጄን፣ አፌን፣ ፊቴን፣ ክንዴን ታጠብኩ፤ ራሴን አበስኩ፤ እግሬ ላይ ስደርስ ጎንበስ ብላ ጨመረችልኝ። ከቀናት በኋላ የማን ውሃ ነው ሳልል የታጠብኩት ያን ዕለት ነው።

ሰግጄ ስመለስ ደብተሬን አወጣሁ። እርሳሱን ለእሷ ሰጠኋት።

«አንቺ ጻፊው፤ ቧንቧው ያንቺ ነው።»

ምላሷን በጥርሷ ይዛ በትልልቁ ጻፈች። «ቅዳሜ። ላይ ሰፈር። ከ6 ከ22።» የመጨረሻውን አልጻፈችም፤ ውሃው ገና እየወረደ ነበር። ደብተሩን ተቀብዬ ሰዓቱን ከእጄ ሰዓት ጋር አመሳከርኩ።

«ትክክል ነው?» አለች።

«ትክክል ነው።» ድንጋዩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ግን እስኪዘጋ እጠብቃለሁ።»